ፋይሉን ሳይነካ ባለፋይሎችን የሚያገናኘው ‘ደላላ’፦ ትራከር ሰርቨር እንዴት ይሠራል?

በአዲስ አበባው መርካቶ ወይም በናይሮቢው ጊኮምባ ገበያ አንድ ደላላ ዕቃ የሚያከማችበት መጋዘንም ሆነ የሚያጓጉዝበት መኪና ላይኖረው ይችላል። ያለው መረጃ ነው። ማን ምን እንደያዘ፣ ማን ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ገዥንና ሻጭን ካገናኘ በኋላ ዕቃው በእርሱ እጅ ሳያልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል።

በኢንተርኔት ላይም ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች አሉ። ሰዎች ፋይሎችን ከአንድ ማዕከል ከመውሰድ ይልቅ በቀጥታ እርስ በእርሳቸው በሚለዋወጡበት፣ ‘አቻ ለአቻ’ በሚባለው አሠራር ውስጥ እነዚህ አገናኝ ሰርቨሮች ፋይሉን ራሱን አያስቀምጡም፤ አያስተላልፉምም። ሆኖም ያለ እነርሱ፣ ወይም የእነርሱን ሥራ የሚተካ ሌላ ዘዴ ከሌለ፣ በዓለም ዙሪያ የተበተኑት ተጠቃሚዎች ሊገናኙ አይችሉም።

ጉዳዩ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚወስነው አካል የማውረድ ፍጥነትን፣ የዳታ ወጪን እና የተጠቃሚውን ምሥጢር ይነካል። በአንዳንድ አገራት ደግሞ ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል።

ችግሩ መተዋወቁ ነው

በካምፓላ የምትገኝ አንዲት ተማሪ ‘ኡቡንቱ’ የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ማውረድ ፈለገች እንበል። ፋይሉ ከአምስት ጊጋባይት በላይ ነው። በተለመደው መንገድ ኮምፒውተሯ ፋይሉ ከተቀመጠበት ሰርቨር ጋር ይገናኝና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከዚያው ይቀዳል። በተመሳሳይ ሰዓት 10 ሺህ ሰዎች ያንኑ ፋይል ከጠየቁ ግን የሰርቨሩ መስመር ለ10 ሺህ ይከፋፈላል። ፈላጊው በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል።

የአቻ ለአቻ አሠራር ይህንን ስሌት ይገለብጠዋል። ፋይሉን ቀድመው ያወረዱ፣ ወይም ገና በማውረድ ላይ ያሉ ተጠቃሚዎች የያዙትን ለአዲስ መጪዎች ያካፍላሉ። አዲስ የመጣው ሰው ተጨማሪ ጫና ብቻ ሳይሆን ተጨማሪ አቅርቦትም ይዞ ይመጣል።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። በዓለም ላይ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙት ቢሊዮኖች መሣሪያዎች መካከል የትኞቹ ያንን ፋይል እንደያዙ የተማሪዋ ኮምፒውተር በምን ያውቃል? የቤትና የስልክ መስመሮች የአይፒ አድራሻ በየጊዜው ይለዋወጣል። ኮምፒውተሮች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ከአንድ ሰዓት በፊት የነበረው አሁን ላይኖር ይችላል። በመሆኑም በየደቂቃው የሚታደስ የስም ዝርዝር ያስፈልጋል። የሃያ አምስት ዓመቱ የፋይል መጋራት ታሪክም በአብዛኛው ይህን ዝርዝር ማን ይያዘው ለሚለው ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ታሪክ ነው።

ሁሉንም የሚያውቀው መዝገብ

የመጀመሪያው ታዋቂ መልስ የመጣው እ.አ.አ. በ1999 ነው። በአሜሪካ የ18 ዓመቱ ሾን ፋኒንግ ‘ናፕስተር’ የተባለውን የሙዚቃ መለዋወጫ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ተጠቃሚዎች ፕሮግራሙን ሲከፍቱ በኮምፒውተራቸው ውስጥ ያሉት ሙዚቃዎች ዝርዝር ወደ ናፕስተር ሰርቨሮች ይላካል። አንድ ሰው የዘፈን ርዕስ ሲጽፍ ሰርቨሩ መዝገቡን ፈትሾ ‘ይህን ዘፈን የያዙት እነ እገሌ ናቸው’ ይለዋል። ሙዚቃው ግን በቀጥታ ከአንዱ ተጠቃሚ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

አሠራሩ ፈጣንና ቀላል ነበር። ድክመቱም እዚያው ላይ ነበር። ማዕከላዊው መዝገብ የእያንዳንዱን ፋይል ስም ስለሚያውቅ ኩባንያው ‘ምን እንደሚለዋወጡ አላውቅም’ ለማለት አልተመቸውም። የሙዚቃ አሳታሚዎች በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ላይ ክስ መሠረቱ። በ2001 የካቲት ወር የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት በኩባንያው ላይ ወሰነ፤ በሐምሌ ወር ናፕስተር አገልግሎቱን አቋረጠ። መዝገቡ ሲዘጋ ሙዚቃዎቹ በሰዎች ኮምፒውተር ውስጥ እንዳሉ ነበሩ። ነገር ግን ማን ምን እንደያዘ የሚናገር ስላልነበረ መረቡ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

ደላላ የሌለበት ገበያ

የናፕስተር ክስ ገና በሂደት ላይ ሳለ በ2000 መጋቢት ወር ‘ኑቴላ’ የተባለ ሌላ ሥርዓት ብቅ አለ። የኑቴላ ሐሳብ ማዕከላዊ መዝገቡን ጨርሶ ማስወገድ ነበር። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ጥቂት ጎረቤቶችን ያውቃል። ፋይል ሲፈልግ ጎረቤቶቹን ይጠይቃል፤ እነርሱም የየራሳቸውን ጎረቤቶች ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው እንዲህ እየተቀባበለ ይሄዳል።

በመንደር ደረጃ ይህ ይሠራል። ሕዝቡ ሲበዛ ግን አንድ ጥያቄ ብዙ ሺህ ኮምፒውተሮችን ያንኳኳል፤ መስመሩም ከፋይሉ ይልቅ በጥያቄ ይጨናነቃል። በስልክ መስመርና በሞደም የሚጠቀሙ ተጠቃሚዎች ይህን ጫና መሸከም አቃታቸው። ከዚያ በኋላ የመጡ የኑቴላ ፕሮግራሞች ጠንካራ መስመር ያላቸውን ኮምፒውተሮች መርጠው የሌሎቹን ጥያቄ እንዲያስተናግዱ ለማድረግ ተገደዱ። ደላላውን ያባረረው ገበያ ትንንሽ ደላሎችን መልሶ ሾመ።

ትንሽ የሚያውቀው ደላላ

በ2001 ብራም ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ‘ቢትቶረንት’ን አወጣ። ኮኸን አገናኙን አላስወገደም፤ የሚያውቀውን ግን እጅግ ቀነሰው። ይህ አገናኝ ‘ትራከር’ ይባላል።

በቢትቶረንት ፋይሉን የሚያሰራጨው ሰው መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ‘የቶረንት ፋይል’ ያዘጋጃል። በውስጧ ዋናው ፋይል የለም። ያሉት የፋይሉ ስምና መጠን፣ የተከፋፈለባቸው ቁራጮች ዲጂታል አሻራዎች እና የትራከሩ አድራሻ ናቸው። ለምሳሌ አምስት ጊጋባይት የሆነ ፋይል እያንዳንዳቸው 256 ኪሎባይት በሆኑ ቁራጮች ቢከፈል 20 ሺህ ያህል ቁራጮች ይወጡታል። እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ አሻራ ስላለው ከማያውቁት ሰው ቢመጣም እንኳ መበላሸቱን ወይም መለወጡን ተቀባዩ ኮምፒውተር ወዲያው ያረጋግጣል።

ተማሪዋ ይህችን የቶረንት ፋይል ስትከፍት ኮምፒውተሯ ወደ ትራከሩ አጭር መልዕክት ይልካል። መልዕክቱ በሰው ቋንቋ ቢነገር እንዲህ ያለ ነው፦ ‘አሻራው ይህ የሆነውን ፋይል እፈልጋለሁ፤ በዚህ አድራሻና በዚህ ፖርት ታገኘኛለህ፤ እስካሁን ይህን ያህል አውርጃለሁ፣ ይህን ያህል ለሌሎች ሰጥቻለሁ፣ ይህን ያህል ይቀረኛል።’

ትራከሩ አድራሻዋን በዝርዝሩ ላይ ይጨምርና ያንኑ ፋይል የያዙ ወይም የሚፈልጉ የሌሎች ተጠቃሚዎችን አድራሻ ይመልስላታል። ብዙ ጊዜ 50 ያህል አድራሻዎች ይሰጣል። በተለመደው አጭር አጻጻፍ እያንዳንዱ አድራሻ ስድስት ባይት ብቻ ይይዛል፤ አራቱ ለአይፒ አድራሻ፣ ሁለቱ ለፖርት ቁጥር ነው። የ50 ሰዎች አድራሻ 300 ባይት መሆኑ ነው። በሁለት ወይም በሦስት አጫጭር የስልክ መልዕክቶች የሚያልቅ መረጃ አምስት ጊጋባይት ለማግኘት በሩን ይከፍታል ማለት ነው።

በመልሱ ውስጥ ‘ከዚህን ያህል ደቂቃ በኋላ ተመልሰሽ ጠይቂ’ የሚል ትዕዛዝም አለ፤ ግማሽ ሰዓት የተለመደ ነው። ኮምፒውተሩ በተባለው ጊዜ ካልተመለሰ ትራከሩ እንደሄደ ቆጥሮ ከዝርዝሩ ያወጣዋል። ፋይሉን አውርዶ ሲጨርስም ሆነ ፕሮግራሙን ሲዘጋ ያሳውቃል። አንድ መጠነኛ ሰርቨር እጅግ ብዙ ተጠቃሚዎችን ማስተናገድ የሚችለውም ሥራው ይህ ብቻ ስለሆነ ነው።

ከናፕስተር ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ትራከሩ የፋይሉን ስም እንኳ ማወቅ አይጠበቅበትም። የሚያውቀው አንድ አሻራና በዚያ አሻራ ሥር የተሰለፉ አድራሻዎችን ነው።

ከተዋወቁ በኋላ፦ የወንፈል ሕግ

ትራከሩ ካስተዋወቀ በኋላ ተጠቃሚዎቹ የያዟቸውን ቁራጮች ዝርዝር እርስ በእርስ ይለዋወጣሉ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር በተቻለ መጠን በመረቡ ውስጥ ጥቂት ቅጂ ያላቸውን ቁራጮች አስቀድሞ ይጠይቃል። አንድ ቁራጭ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ካለና ያ ሰው ኮምፒውተሩን ከዘጋ የሌሎቹ ሁሉ ድካም መና ይቀራልና።

የመስጠቱ ሥርዓት ደግሞ የገጠሩን ወንፈል ይመስላል። ዛሬ በእኔ እርሻ ላይ ለሠራ ነገ በእርሱ እርሻ ላይ እሠራለሁ። ፕሮግራሙ በየ10 ሴኮንዱ ማን የበለጠ እየሰጠው እንደሆነ ይመዝንና ለእነርሱ ቅድሚያ ይሰጣል። የሚሰጠው ነገር ገና የሌለው አዲስ መጪ ተገልሎ እንዳይቀር ደግሞ በየ30 ሴኮንዱ አንድ ዕድለኛ ያለ ምላሽ እንዲቀበል ይደረጋል።

ይህ ሁሉ የሚከናወነው ትራከሩ በሌለበት ነው። በመሃል ትራከሩ ቢቋረጥ እንኳ ቀድመው የተዋወቁት ልውውጣቸውን ይቀጥላሉ። የሚጎዱት አዲስ መጪዎቹ ናቸው።

አድራሻው ተገኝቶ በሩ ሲዘጋ

በአፍሪካ ለሚገኙ ብዙ ተጠቃሚዎች አድራሻ ማግኘት ብቻውን በቂ አይደለም። በስፋት ጥቅም ላይ የዋለው የአይፒ አድራሻ ዓይነት በአጠቃላይ 4.3 ቢሊዮን ያህል ቁጥሮች ብቻ አሉት። የአፍሪካን ድርሻ የሚያከፋፍለውና ዋና መሥሪያ ቤቱ ሞሪሸስ የሚገኘው አፍሪኒክ በ2020 ወደ ክምችቱ የመጨረሻ ምዕራፍ መግባቱን አስታውቋል። የሞባይል ኩባንያዎች ይህን እጥረት የሚወጡት ብዙ ደንበኞችን ከአንድ የጋራ አድራሻ ጀርባ በማስቀመጥ ነው። አሠራሩ ኤንኤቲ ይባላል።

ይህን አንድ በርና አንድ ዘበኛ ብቻ ካለው ትልቅ ሕንጻ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ከውስጥ የሚወጣውን ዘበኛው ያሳልፋል፤ ለወጣው ሰው የሚመጣውን መልስም ያስገባል። ከውጭ ድንገት መጥቶ ‘አምስተኛ ፎቅ ያለውን ሰው እፈልጋለሁ’ የሚልን እንግዳ ግን ይመልሳል። በሁለት የተለያዩ ሕንጻዎች የሚኖሩ ሁለት ሰዎች አንዳቸው የሌላውን አድራሻ ከትራከሩ ቢያገኙም ማንም ከማን ጋር ንግግር መጀመር አይችልም።

መፍትሔው በሁለቱም ዘንድ የሚታወቅ ሦስተኛ ወገን ነው። ይህ ወገን ለሁለቱም የእያንዳንዳቸውን ውጫዊ አድራሻ ይነግራቸውና በአንድ ቅጽበት እንዲንኳኩ ያደርጋል። ሁለቱም ከውስጥ ስለወጡ የየበሩ ዘበኛ የሚመጣውን መልዕክት የሚጠበቅ መልስ አድርጎ ያሳልፈዋል። በቢትቶረንት ከሁለቱም ጋር አስቀድሞ የተገናኘ ሌላ ተጠቃሚ ይህን ሥራ ሊሠራ ይችላል። በስልክ መተግበሪያዎች የምናደርጋቸው ብዙዎቹ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪዎችም የሚገናኙት በተመሳሳይ ዘዴ ነው።

ዘበኞቹ ይበልጥ ጥብቅ ከሆኑ ይህም ይከሽፋል። ያኔ በጥሪዎች ላይ አገናኝ ሰርቨሩ ራሱ መልዕክቱን ተቀብሎ ያቀብላል። ደላላው ተሸካሚም ሆነ ማለት ነው፤ የሰርቨሩ ወጪም በዚያው ልክ ይንራል። የፋይል ልውውጥ ላይ ያለ የስልክ ዳታ ተጠቃሚ ግን ብዙ ጊዜ ዕድሉ በራቸው ክፍት ከሆነላቸው ሰዎች ጋር ብቻ መገናኘት ነው። በዝርዝሩ ላይ መቶ ሰው እየታየ የማውረድ ፍጥነቱ የሚዘገምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዝርዝሩን ማንም ማየት ይችላል

ትራከሩ አድራሻ የሚሰጠው ለጠየቀው ሁሉ ነው። ይህ ከሌለ ሥራው አይሠራም። የቅጂ መብት ባለቤቶች የሚቀጥሯቸው ተቆጣጣሪ ድርጅቶችም እንደማንኛውም ተጠቃሚ ጠይቀው የአድራሻዎቹን ዝርዝር ይወስዳሉ።

በጀርመን ይህ የተለመደ የሕግ ሂደት ሆኗል። የመብት ባለቤቶች ጠበቆች በፍርድ ቤት በኩል የአድራሻውን ደንበኛ ማንነት ከኢንተርኔት ኩባንያው ካወቁ በኋላ ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ የሚጠይቅ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በመስመሩ ባለቤት ስም ይልካሉ። በዚያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ማወቁ የሚበጀው አንድ ነገር አለ። ‘ፖፕኮርን ታይም’ን የመሰሉ መተግበሪያዎች ፊልም በቀጥታ የሚያሳዩ ይመስላሉ፤ ከጀርባቸው ግን ቢትቶረንት አለ። ተመልካቹ ሳያውቀው ፊልሙን ለሌሎች እያከፋፈለ ነው። ደብዳቤውን የሚያስከትለውም በዋነኛነት ይህ ማከፋፈል ነው።

ዝርዝሩ ሁልጊዜ እውነት ነው ማለትም አይደለም። በ2008 በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለትራከሮች የሌላ መሣሪያ አድራሻን የራሳቸው አስመስለው አስመዘገቡ። አንዳንድ ትራከሮች የተነገራቸውን ሳያጣሩ ተቀበሉ። ብዙም ሳይቆይ ምንም ፋይል ማውረድ በማይችሉ የዩኒቨርሲቲው የማተሚያ መሣሪያዎች ላይ የቅጂ መብት ጥሰት አቤቱታ መጣ። ጥናቱ ያሳየው በትራከር ዝርዝር ላይ መገኘት ብቻውን ማስረጃ ሊሆን እንደማይገባ ነው።

ደላላው በፍርድ ቤት

ፋይል ያልነካ አገናኝ ተጠያቂ ሊሆን ይገባል? ጥያቄው በ2009 በስዊድን ችሎት ፊት ቀረበ። ‘ፓይሬት ቤይ’ የተባለው ድረ ገጽ የቶረንት ፋይሎችን ከማቅረቡም በላይ በወቅቱ እጅግ ሰፊ የነበረ ትራከር ያንቀሳቅስ ነበር። ተከሳሾቹ በሰርቨሮቻቸው ላይ አንድም ፊልም ወይም ሙዚቃ እንዳልነበረ ተከራከሩ። የስቶክሆልም ፍርድ ቤት ክርክሩን አልተቀበለም። በሚያዝያ ወር አራቱንም የቅጂ መብት ጥሰትን በመርዳት ጥፋተኛ ብሎ በአንድ ዓመት እስራትና በአጠቃላይ 30 ሚሊዮን ክሮነር ካሣ ቀጣቸው። በ2010 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የሦስቱን የእስራት ጊዜ ሲያሳጥር ካሣውን ወደ 46 ሚሊዮን ክሮነር አሳደገው።

ከመጀመሪያው ፍርድ ጥቂት ወራት በኋላ በ2009 ኅዳር ወር ፓይሬት ቤይ ትራከሩን ዘጋ። የሰጠው ምክንያት ትራከር ከእንግዲህ አያስፈልግም የሚል ነበር። በእርግጥም በዚያን ጊዜ ሌላ ዘዴ ሥር ሰዶ ነበር።

ይህ ዘዴ ዲኤችቲ ይባላል። መሠረቱ በ2002 ፔታር ማይሙንኮቭና ዴቪድ ማዚየር ያቀረቡት ‘ካደምሊያ’ የተባለ ንድፍ ሲሆን ከ2005 ጀምሮ በቢትቶረንት ፕሮግራሞች ውስጥ ገብቷል። አንዱ ትልቅ መዝገብ ይቀደድና ገጾቹ ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ ይታደላሉ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ ረጅም ቁጥር ይሰጠዋል። የፋይሉም አሻራ ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ቁጥር ነው። የአንድን ፋይል ዝርዝር የሚይዙት ቁጥራቸው ለፋይሉ ቁጥር የሚቀርቡት ኮምፒውተሮች ናቸው። ፈላጊው የሚያውቃቸውን ይጠይቃል፤ እነርሱ ወደሚቀርበው ይመሩታል፤ ያም ይበልጥ ወደሚቀርበው። ሚሊዮኖች ባሉበት መረብ ውስጥም ጥቂት እርምጃዎች ይበቃሉ። እንደ ኑቴላ ሁሉንም በር ማንኳኳት የለም።

ይሁንና የመጀመሪያው ሰላምታ ጉዳይ አሁንም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተ ፕሮግራም ማንንም አያውቅም። ስለዚህ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ወደ መረቡ የሚያስገቡ ጥቂት የታወቁ ሰርቨሮችን አድራሻ በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ። ትራከሮችም አልጠፉም፤ ከዲኤችቲ ጎን ለጎን ዛሬም ያገለግላሉ፤ ፈጣን መልስ ይሰጣሉና።

ጎረቤትን ትቶ ባሕር ማዶ

ለአካባቢያችን ትልቁ ጥያቄ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። የተለመደው ትራከር አድራሻ የሚሰጠው በዘፈቀደ ነው። በአዲስ አበባ አንድ ተማሪ የሚፈልገው ፋይል በዚያው ከተማ በሚገኝ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ እያለ ከአውሮፓ ሊያወርድ ይችላል። ያ መረጃ የባሕር ውስጥ ኬብል አቋርጦ፣ እንደ ኢትዮጵያ ላለ ወደብ አልባ አገር ደግሞ የጎረቤት አገርን መሬት አልፎ ይመጣል። ወጪውን በመጨረሻ የሚከፍለው ተጠቃሚው ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ከዓለም ጋር በፋይበር የተገናኘው ሲኮም የተባለው ኬብል በ2009 ሥራ ሲጀምር ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ኢሲ የተባለው ተከተለ። በ2024 ግንቦት ወር ሁለቱም ኬብሎች ጉዳት ደርሶባቸው ታንዛንያ፣ ኬንያና ዩጋንዳን ጨምሮ በበርካታ አገራት ኢንተርኔት ተዳከመ። እንዲህ ባለ ጊዜ አገናኙ ባሕር ማዶ ከሆነ በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ፋይሉ በእጃቸው እያለ ላይገናኙ ይችላሉ። መስመሩ በመካከላቸው አልተቋረጠም፤ የተቋረጠው አስተዋዋቂው ነው።

ይህን ለማሻሻል የተሞከሩ መንገዶች አሉ። በ2008 በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ትራከሩ ከኢንተርኔት ኩባንያው መረጃ እየወሰደ ቅርብ ያሉትን እንዲያስቀድም የሚያደርግ ንድፍ አቅርቧል። በ2014 ለተመሳሳይ ዓላማ የሚውል ዓለም አቀፍ የቴክኒክ ደረጃ ጸድቋል። በአንድ ቢሮ ወይም በአንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ላሉ ኮምፒውተሮች ደግሞ ከዚህ የቀለለ መፍትሔ አለ። ብዙ የቢትቶረንት ፕሮግራሞች ‘ይህን ፋይል የያዘ በአካባቢው አለ?’ ብለው በውስጥ መስመር ይጣራሉ። ትራከርም፣ ከግቢው የሚያስወጣ ኢንተርኔትም አይጠይቅም።

እንዲህ ያለው አሠራር ከፊልምና ከሙዚቃ ዝርፊያ ጋር ብቻ የሚያያዝ አይደለም። ‘ኢንተርኔት አርካይቭ’ የተባለው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ከ2012 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትን፣ የድምፅና የምስል ሥራዎችን በቶረንት አቅርቧል። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ሥሪቶችም ማሻሻያዎችን ከሌሎች ኮምፒውተሮች የሚቀበሉበት አሠራር አላቸው፤ የማን ኮምፒውተር ከማን ይውሰድ የሚለውን የሚያስተባብረው የኩባንያው ሰርቨር ነው። አንድ ኮምፒውተር ያወረደውን ማሻሻያ የቢሮው ሌሎች ኮምፒውተሮች ከእርሱ ሲቀበሉ ጠባብ መስመር ላለው ድርጅት ቁጠባው ቀላል አይደለም።

ተጠቃሚው ምን ልብ ይበል?

በመጀመሪያ፣ መስጠትም ወጪ አለው። በቢትቶረንት የሚያወርድ ሰው የሚልከውም ከዳታ ጥቅሉ ላይ ይቀነሳል። በስልክ ዳታ የሚጠቀሙ ከሆነ የፕሮግራሙን የመላኪያ ገደብ ዝቅ ማድረግ፣ ፋይሉ ሲያልቅም ፕሮግራሙ ከጀርባ እየሠራ አለመቅረቱን ማረጋገጥ ይገባል። በዊንዶውስ ከሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር መጋራቱን በውስጥ መስመር ላይ ብቻ መወሰን ወይም ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ የአይፒ አድራሻዎ ያንን ፋይል ለጠየቀ ሁሉ ይታያል። ትራከሩን በዲኤችቲ መተካት ይህን አይለውጠውም፤ በአንድ ሰርቨር እጅ የነበረውን ዝርዝር ለብዙዎች ያከፋፍለዋል እንጂ።

ሦስተኛ፣ ሕጉ የሚያየው ዘዴውን ሳይሆን ፋይሉን ነው። ነጻ ፈቃድ ያላቸውን ሥራዎች በዚህ መንገድ መለዋወጥ ሕጋዊ ነው፤ ባለቤቶቹም ያበረታቱታል። ያለ ፈቃድ የሰውን ሥራ ማባዛትና ማሰራጨት ግን በኢትዮጵያ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው፤ በጎረቤት ኬንያም የቅጂ መብት ሕግ አለ። የቶረንት ፋይል ከመክፈትዎ በፊት ዋናው ባለቤት በራሱ ድረ ገጽ ላይ ያወጣው መሆኑን ማየት ከሁሉ ቀላሉ ማጣሪያ ነው። የኡቡንቱ አዘጋጆች፣ ለምሳሌ፣ የቶረንት ፋይሉንም ትራከሩንም ራሳቸው ያቀርባሉ።